ሸንኮራ የምትግጥ ጨቅላ

ወረታ መናኸሪያ ውስጥ የልጅ ዕድሜ የሚጣራው ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ነው። እናትየዋ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ከአናቷ እስከ እግሯ ደርባባታለች። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እነሱ ዘንድ ሲደርስ፣ ነጠላው ሥር ያለውን ቁመት በዓይኑ ለካው።

«እናት፣ ልጅቱ ሒሳብ አለባት።»

«የምን ልጅ? ጨቅላ እኮ ናት! አቅፌያት ነው የምሄደው።»

«ጨቅላ ሸንኮራ ትግጣለች እንዴ?»

እውነትም ከነጠላው ሥር የሸንኮራ ምጣጭ ዱብ አለ። «ጥርስ ማብቀልም ሒሳብ አለው?» አለች እናት፣ ሳትደነግጥ። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ፦ «ተዋት እንጂ አንተ ልጅ! ሕፃን ምን ታስከፍላለህ?» «አንተ ልጅ» የተባለው ረዳት ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን ያጎፈረ ጎረምሳ ነው። ክርክሩን የዘጋችው ራሷ ባለጉዳይዋ ናት። አንገቷን ከነጠላው ብቅ አድርጋ «እኔ ኬጂ ቱ ነኝ» አለች። ግማሽ ሒሳብ ተከፈለ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መገንጠያ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ስለዚህ ይህ ክርክር በየቀኑ በሦስት አቅጣጫ ይጓዛል ማለት ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨቅላም፣ ልጅም፣ ሕፃንም፣ ኬጂ ቱም ሆናለች። ማንም ግን አልተሳሳተም። እናት የምትቆጥበው አላት፣ ረዳት የሚሰበስበው አለው፣ አዛውንቱ ደግሞ በሰው ኪስ ደግ መሆን ይወዳሉ።

አማርኛ ከጽንስ እስከ ጎረምሳ ባለው ጎዳና ላይ ስም አላነሰውም። አራስ ልጅ፣ ጨቅላ፣ እምቦቃቅላ፣ ሕፃን፣ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ማቲ፣ አንድ ፍሬ ልጅ፣ ብላቴና፣ ታዳጊ፤ አዲስ አበባ ሲደረስ ደግሞ ውሪ፣ ኩታራ፣ ጩጬ ይጨመራሉ። የቸገረው ወሰናቸው ነው። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው አንዱን በሌላው ተፈትቶ ያገኘዋል፤ ጨቅላ ሕፃን ነው፣ ሕፃን ደግሞ ትንሽ ልጅ ነው ተብሎ ነገሩ ያልቃል። ወሰኑ የሚታወቀው መናኸሪያ፣ ጤና ኬላ፣ ቤተ ክርስቲያንና ፍርድ ቤት ሲኬድ ነው። ምክንያቱም «ይህ ልጅ ጨቅላ ነው ወይስ ሕፃን?» ብሎ ለዕውቀት ሲል ብቻ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከጥያቄው ጀርባ የሚከፈል ወይም የሚሰረዝ ዕዳ አለ።

በአየርም ያው ነው። አየር መንገዶች ሁለት ዓመት ያልሞላውን በእቅፍ ያሳፍራሉ፤ ዋጋውም በአብዛኛው ከአዋቂው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለው የራሱ ወንበር አለው፤ አሥራ ሁለት የሞላው እንደ አባቱ ሙሉውን ይከፍላል። ልዩነቱ እዚያ ፓስፖርት መኖሩ ነው፤ ነጠላ ልደትን አይሸፍንም።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ሰው መለየት ሰንፎ ነው እንዳይባል፣ ከብቱን ሲጠራ መስማት ይበቃል። ሜዳው በስሙ የምትጠራ፣ በወተቷ የታወቀች የላም ዝርያ አለው፤ ከብትን ማወቅ እዚህ ጨዋታ አይደለም። ዛሬ የተወለደችው እምቦሳ ናት። ጠንከር ስትል ጥጃ ትባላለች። ሴቷ ጊደር፣ ወንዱ ወይፈን ይሆናል። ወይፈኑ ተገርቶ ሲጠመድ በሬ፣ ለዘር ሲቀር ኮርማ፣ ተኮላሽቶ ሲሰባ ሰንጋ ነው። በግ ቤት ሲገባም ግልገል፣ ጠቦት፣ ቄብ፣ ሙክት የየራሳቸው ደረጃ አላቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጊደርን «ላም ናት» ብሎ የሸጠ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። የዚያው ሰውዬ ልጅ ግን ቢድህም ልጅ፣ ቢያርስም ልጅ፣ ሚስት አግብቶ ጎጆ ቢወጣም ልጅ ነው። ልጁ ገበያ አይወጣማ።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ መዝገብ አለ፤ ያዥዎቹም ሴቶች ናቸው። ያ መዝገብ ዓመትና ወር አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ልጁ የቻለውን ነው። መጀመሪያ ስሙ የእናቱ ጥገኛ ነው፦ አራሷ እሷ ናት፣ እሱ «የአራስ ልጅ» ነው። ከዚያ ሰው ለየ ይባላል፤ አንገቱ ጠና፤ ተቀመጠ፤ ዳዴ አለ። ወፌ ቆመች የሚባልለት ጊዜ ይመጣና ድክ ድክ ይላል። አፉን ይፈታል። ጡት ይጥላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ነፍስ ያውቃል። ጎረቤት «ልጅሽ ስንት ወር ሆነው?» ብላ የጠየቀች እንደሆነ መልሱ «ተቀምጧል» ነው፤ ጠያቂዋም የፈለገችውን መልስ አግኝታለች። ጠንቃቃ የሕፃናት ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር አይጠይቅም፤ እሱም መጀመሪያ የሚያየው አንገት መጽናቱን፣ መቀመጡንና መዳኹን ነው።

የዚህ መዝገብ አንድ ደስ የሚል ጠባይ ጾታ ማምታታቱ ነው። ሊቆም የሚንገዳገደው ወንድ ሆኖ ሳለ የቆመችው ወፌ ሴት ናት። እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ እመቤት» ብላ ትጠራዋለች፤ ሴቷን «ና የኔ ጌታ» ትላታለች። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ የቤቱን ልጆች ቁጥር ሁለት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ቁልምጫው የሚያበቃበት ቀን አይታወጅም። ብቻ አንድ ቀን «ነይ» ሲባል የኖረው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ፊቱን ያጠቁራል፤ እናትም ነገሩ ይገባታል።

ጠጉርም መዝገብ ነበር፤ አሁን እየሳሳ ሄደ እንጂ። አናቱ ላይ ቁንጮ የቀረለት ወንድ ልጅ ከሩቅ ይለያል፤ ዙሪያውን ጠጉር ተትቶላት መሐል አናቷን የተላጨች ጋሜ ናት፤ ሹሩባ የተሠራች ደግሞ ለዓይን ደርሳለች። ጋሜ ከጠጉር አልፎ የዕድሜ ስም እስከ መሆን ደረሰ። «በጋሜነቷ ተዳረች» የሚለው አባባል በዚህ አካባቢ የብዙ አያቶች የሕይወት ታሪክ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀልድ አይገኝለትም። ስሟ ከልጅ ወደ ሚስት የተዛወረው በአባቶች ስምምነት እንጂ እሷ በቻለችው ነገር አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻን በ15 ዓመት ይፈቅድ ነበር፤ ለወንዱ ግን 18 ይጠብቅ ነበር። ለሁለቱም እኩል 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ ነው። በሕግ ዓይን ወንዱ ልጅ ሆኖ የሚቆይባቸው ሦስት ዓመታት ለእህቱ አልተፈቀዱላትም ነበር ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሒሳቡ ሥርዓት አለው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ እስከ ሰባት ዓመት ጾም አይጠየቅም። ስለዚህ በዓቢይ ጾም ወተት የጠጣ የስድስት ዓመት ልጅ ሕፃን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ወተት ሲጠጣ የተያዘ ደግሞ ጾም የገደፈ ነው። በመሐሉ ያለችውን አንዲት ዓመት ብልጥ ልጆች አጥብቀው ይሟገቱባታል። የወተት ጥርስ ሳይነቀል ሰባት አይሞላም የሚል ተከራካሪ ቢያጋጥም አይገርምም። ሕፃን በተባለ ጊዜ ምእመኑ ፊት ቶሎ ድቅን የሚለው ደግሞ በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነት የተቀበለው ሕፃኑ ቂርቆስ ነው። ታሪኩ ሐምሌ 19 በገብርኤል ንግሥ ይነገራል። በገጠር «ሕፃን» የሚለውን ቃል እንደ መጽሐፉ ሳይሆን «ህጣን» ብለው ነው የሚጠሩት፤ «ጻፈ»ን «ጣፈ» እንደሚሉት።

ሁለቱ ቆጠራዎች፣ ማለትም የቤቱ «ቻለ» እና የመንግሥቱ «ሞላው»፣ ፊት ለፊት የሚገናኙት ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ ጨቅላ ማለት ግጥም አይደለም፤ ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ነው። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጨቅላነቱ ያበቃል። (ጋዜጠኞቻችን «ጨቅላ ዴሞክራሲያችን» ሲሉ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሕግ ቢሄድ ይህን ጊዜ ስም መቀየር ነበረበት።) ከዚያ ስድስት ሳምንት፣ አሥር ሳምንት፣ አሥራ አራት ሳምንት እያለች መርፌውን ትጠራለች። የኩፍኙን አንዱን በዘጠነኛ ወሩ፣ ሁለተኛውን በአሥራ አምስተኛው።

«ልጁ ስንት ወሩ ነው?»

«አሁንማ ዳዴ ይላል፤ ደግሞ አራት ጥርስ አውጥቷል።»

«ወሩን ነው የጠየቅኩሽ፣ እህቴ።»

«ለመስቀል ነው የተወለደ። አንቺ ቁጠሪው እንግዲህ፣ ተምረሻል።»

ሠራተኛዋ ካርዱን ገልብጣ ትቆጥራለች። መስቀል፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። የእናትየዋ መረጃ ጉድለት የለበትም፤ እንዲያውም ከካርዱ የሚበልጥ አለው፣ ልጁ መዳኹን ካርዱ አያውቅም። እናትም ብትሆን ካርዱን አትንቅም። ከመሶቡ ሥር በላስቲክ ጠቅልላ፣ የመሬት ደብተሩ ባለበት ነው የምታስቀምጠው።

ጤና ኬላው ስም የሚለይበት ዘዴ በአብዛኛው የሚታይና የሚዳሰስ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃም፣ ቅቤ ማስዋጥም ክልክል። አያት በዚህ ቅር ትሰኛለች፤ ቅቤውን ወደ እርግብግቢቱ ታዞራለች። ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ያለው ቫይታሚን ኤ ይንጠባጠብለታል፦ ዓመት ላልሞላው ሰማያዊው እንክብል፣ ለሞላው ቀዩ። በክንዱ ዙሪያ የሚጠመጠመው መለኪያም ለዚሁ ዕድሜ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ያሳያል። ቁመቱ ሲለካ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላው ተጋድሞ ነው፤ የሞላው ቆሞ። ልጅ ተጋድሞ ሲለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል ተብሎ ይታሰባል፤ ስለዚህ በልደቱ ማግስት ያው ልጅ ቆሞ ሲለካ ከትናንቱ ያንሳል። ይህን ለአያት ማስረዳት የጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ውስጥ ባይኖርም ሊታሰብበት ይገባል።

ወባ ሲመጣ ግን ዕድሜ ራሱ ከጨዋታ ይወጣል። ሜዳው ክረምት ሲያልፍ ውሃ ይተኛበታል፤ ወባውም ይከተላል። የወባው መድኃኒት ኮአርተም የሚታዘዘው በሚዛን ነው። ከ5 ኪሎ እስከ 15 ላልሞላው አንድ ፍሬ፣ ከ15 እስከ 25 ላልሞላው ሁለት፣ ከ25 እስከ 35 ላልሞላው ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት፤ በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን። እዚህ ላይ ጨቅላም፣ እምቦቃቅላም፣ ታዳጊም የለም፤ ኪሎ ብቻ ነው። አዋቂ ሆኖ 34 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢመጣ የልጅ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የሚኒባሱ ረዳትም ይህን ዘዴ ቢያውቀው ሚዛን ይዞ በዞረ ነበር።

ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ስሙን የሚሰጠው ሥራው ነው። መጀመሪያ ጥጃ ጠባቂ ይሆናል፤ ከቤቱ ደጅ፣ እናቱ ከምትጣራበት ሳይርቅ። ጥጃው እንዳይጠባ ከእናቱ ይለያል፤ ጠባቂው ራሱ ጡት ከጣለ ብዙም ያልቆየ መሆኑን ላስተዋለ ሰው ሁለቱ ይተዛዘናሉ። ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ቀጥሎ እረኛ፣ ቀጥሎ ሞፈር። ይህ የድሮ መሰላል ነው። ሩዝ ሲመጣ አንድ እርከን ተጨመረበት። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው የሩዝ እርሻ፣ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ከጉዳት ወደ ሀብት ለወጠው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው፤ እንጀራውም ሩዝ ይቀላቀልበታል። ሩዙ ሲያሽት ወፍ ይወርድበታል። ያን ጊዜ ወንጭፍ የያዘ ወፍ ጠባቂ ማማ ላይ ይወጣል። ለወፍ ጥበቃ የሚበቃ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው ቢባል፣ መልሱ ድንጋዩ ማሳውን አቋርጦ ከወደቀ ደርሷል ነው። ድንጋዩ እግሩ ሥር ከወደቀ ገና ሕፃን ነው፤ ወደ ጥጃው ይመለስ።

ትምህርት ቤቱም ለረጅም ጊዜ የተማመነው በአካል ነበር። የልደት ወረቀት በማይታወቅበት ዘመን ለመመዝገብ የመጣ ልጅ መምህሩ ፊት ይቆምና ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል። ከነካ ሰባት ሞልቶታል፣ አንደኛ ክፍል። ካልነካ «በሚቀጥለው ዓመት ና»። ነገሩ እንደሚመስለው ሞኝነት አይደለም፤ የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ ነው፣ እጁ የሚረዝመው ቆይቶ ነው። ግን እናቶች ዘዴ አላጡም፤ ከሌሊት ጀምሮ ልጁን ያለማምዱታል፣ አንገትህን ዘንበል አድርግ ይሉታል። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጆሯቸውን ለመያዝ የሚታገሉ ማቲዎች ተሰልፈው ሲታዩ ጥርስ ሕመም የገባበት መንደር ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ ጆሮውን ሳይሆን ጉንጩን ነክቶ «ያዝኩት!» ብሎ የሚጮኸው ደግሞ ትንሹ ነው። ከርሱ ይልቅ ቁመናው ያማረ፣ ነገር ግን እጁ ያጠረ ልጅ እያለቀሰ ወደ ጥጃው ይመለሳል።

ሕግ የበለጠ ያስቃል፣ ሳያስበው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ የያኔው ፕሬዚዳንት ከአገር ሊወጡ ሰባት ቀን ሲቀራቸው። በኮንቬንሽኑ መሠረት ሕፃን ማለት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 36ን «የሕፃናት መብት» ብሎ ሰይሞታል። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ ችግሩ የተመረጠው ቃል እናቶች ለሚታቀፍ ልጅ ያስቀመጡት መሆኑ ነው። እስቲ ከፎገራ ቀበሌዎች ናበጋ ወይም ሻጋ ገብቶ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ አፉ ላይ ጢም ጢም ያለ የ16 ዓመት ልጅ ይፈለግ። ሕፃን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ያለውን ወጣት ስለሚል፣ ወጣትም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 በላይ ከ18 በታች በመሆኑ ወጣት ሠራተኛ ነው፣ የቀጠረው ካለ። በወንጀል ሕጉ ደግሞ ዘጠኝ ያልሞላው አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ተብሎ የተለየ ሥርዓት አለው፤ የኛ ባለሞፈር ግን ይህን አልፏል፣ ቅጣቱ ቢቀልለትም የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። ውል ልፈርም ካለ አካለ መጠን ያልደረሰ ነው። እናቱ ስትጠየቅ «ልጅ እግር ነው» ትላለች፤ ከሁሉም የተሻለ የገለጸችው እሷ ናት። በሬዎቹ ግን ሕፃን እያረሰን ነው ብለው አልቆሙም።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ በዚያው በፎገራ ወረዳ፣ ጥያቄውን በሌላ በኩል የያዘ መንደር አለ። አውራ አምባን በ1964 ዓ.ም. የመሠረተው ዙምራ ኑሩ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናትና አባቱ እኩል እርሻ ውለው ሲመለሱ የቤቱ ሥራ ለምን በእናቱ ላይ ብቻ እንደሚወድቅ ይጠይቅ እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በአራት ዓመት ይህን የጠየቀ ልጅ በአገሩ መዝገብ የት እንደሚገባ የታወቀ አልነበረም፤ ነፍስ አላወቀም እንዳይሉት ጥያቄው ያስጨንቃል። ጤነኛ አይደለም ማለት ቀለላቸው። ዛሬ የሕፃናትን መብት ማክበር ከማኅበረሰቡ መመሪያዎች አንዱ ነው። መንደሩ ውስጥ ልጆች ቀደም ብለው የሚማሩበት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሥራ ደግሞ ሴትና ወንድ ሳይል በአቅም ይከፈላል።

ሕፃንነት እስከ 18 ይዘልቃል ሲባል የሚገረም ሰው ካለ፣ ልጅነት እስከ የት እንደዘለቀ ያስታውስ። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ተከታትለው የተሾሙ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሯት፦ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና ልጅ ሚካኤል እምሩ። ሁለቱም አርባዎቹን አጋምሰው ነበር። እዚህ ላይ «ልጅ» የመኳንንት ማዕረግ ነው፤ የማን ልጅ መሆኑን ነው የሚናገረው እንጂ የስንት ዓመት መሆኑን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ብላቴና አልነበሩም። በተራው ሕዝብ በኩል ያለው ማዕረግ ደግሞ ማሞ ነው፤ ትንሽ ወንድ ልጅ የሚቆላመጥበት። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ዓለም ሁሉ በሕፃንነት ስሙ ሲጠራው ቅር አላለውም። ወረታ ከተማ ውስጥም «ማሙሽ» ብሎ የተጣራ ሰው ወደ ኋላ ዞረው የሚያዩት ባለ ሽበት ጋሼ ቢሆኑ ሊደነግጥ አይገባም።

አሁን እንግዲህ የልደት ምዝገባ አለ። አዋጁ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ሥራው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱት ግን ማስረጃው ያው የሴቶቹ መዝገብ ነው፤ አንዳንዴም የሜዳው ውሃ ይጨመርበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ በዚያ ሰሞን የነበረ ልጅ ሁሉ የዕድሜ ምልክት አገኘ። በ2015 ዓ.ም. አንድ የዚያ ዘመን ልጅ ዕድሜውን ሊያስመሰክር ቤተሰቡን ሰበሰበ እንበል። እናት «ጎርፉ ሲመጣ ዳዴ ይል ነበር» አለች። አባት ተቆጣ፦ «ምን ዳዴ! ትከሻዬ ላይ አውጥቼው ስሻገር ‹ውሃ፣ ውሃ› እያለ አልነበረም?» አክስት ደግሞ ማርያምን ብላ ማለች፤ ያን ጊዜ እናቱ ነፍሰ ጡር ነበረች እንጂ ልጁ ገና አልተወለደም። በአባቱ ቃል 19 ዓመቱ ነው፤ በአክስቱ ቃል 16።

ልጁ ሁለት ጉዳይ ነበረው። አንደኛው መታወቂያ አውጥቶ ባጃጅ መንዳት፤ ለዚህ 18 ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ መጫወት። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዋንጫ ላይ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በመግነጢሳዊ ምርመራ ያያል። ወረታ ላይ ግን ያን መሣሪያ ይዞ የመጣ ዳኛ የለም። ልጁ ለመታወቂያው አባቱን፣ ለቡድኑ አክስቱን ምስክር አድርጎ ሄደ። እናቱ ሁለቱም ጋ አልተጠራችም፤ የሷ «ዳዴ» ለአንዱም የሚበጅ አልነበረም።